መንግሥት ከአየር መንገዶች ላይ እጁን አንስቷል?

ጥያቄው፦ «በአሜሪካ ድሮ የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ የሚወስነው መንግሥት ነበር፣ በ1978 ግን ቁጥጥሩ ተነሳ ሲባል አነባለሁ። መንግሥት መጀመሪያውኑ ለምን ገባ? ለምንስ ወጣ? ዛሬ ደግሞ በረራ ሲዘገይም፣ ሁለት አየር መንገዶች ሊዋሃዱ ሲሉም መንግሥት ጣልቃ ሲገባ አያለሁ። ታዲያ ተነሳ የተባለው ምኑ ነው? የሌላው ዓለምስ እንዴት ነው?»

መልስ፦

መንግሥት አየር መንገዶችን የሚቆጣጠረው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ የንግድ ቁጥጥር ነው። ማን ይብረር፣ በየትኛው መስመር ይብረር፣ ትኬቱን ስንት ይሽጥ የሚለውን ይወስናል። ሌላው የደህንነት ቁጥጥር ነው። አውሮፕላኑ እንዴት ይሠራ፣ ማን ያብርረው፣ ማን ይጠግነው፣ ሰማይ ላይ ማን ያስተናብረው የሚለውን ይወስናል። በ1978 የተነሳው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም፤ እንዲያውም እየጠበቀ ነው የመጣው። «መንግሥት ወጣ» የሚለው አባባል ግራ የሚያጋባው ሁለቱ ስለሚምታቱ ነው። እኔ በበኩሌ መንግሥት ከዋጋው ላይ እጁን ማንሳቱ ትክክል ነበር እላለሁ። ጥፋቱ የመጣው ውድድሩን የመጠበቁን ሥራ ቸል ባለ ጊዜ ነው። ከታሪኩ ልጀምርና ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መንግሥት መጀመሪያ የገባው በፖስታ በኩል ነው። በ1920ዎቹ ሰው ጭኖ ማትረፍ የሚታሰብ አልነበረም። አውሮፕላኖቹ ትንንሽ ነበሩ፣ አደጋው ብዙ ነበር፣ ባቡር ደግሞ ምቹ ነበር። በ1925 የወጣው የኬሊ ሕግ ደብዳቤ በአየር የማመላለሱን ሥራ ለግል ኩባንያዎች በኮንትራት ሰጠ። ዛሬ ስማቸውን ከምናውቃቸው ትልልቅ የአሜሪካ አየር መንገዶች አንዳንዶቹ የተነሱት ከዚህ ኮንትራት ነው። በዓመቱ፣ በ1926፣ አብራሪ ፈቃድ እንዲያወጣ፣ አውሮፕላንም እየተመረመረ እንዲመዘገብ የሚያዝ ሕግ ተከተለ። ይህን ሕግ አጥብቀው የፈለጉት ኩባንያዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ሕዝቡ ካላመናቸው እንደማይሳፈር ገብቷቸዋል።

የፖስታው ገንዘብ ግን ጣጣ አመጣ። በ1930 የወቅቱ የፖስታ ሚኒስትር ዋልተር ብራውን ኩባንያዎች የሚከፈላቸው በደብዳቤው ክብደት ሳይሆን አውሮፕላኑ ባለው የጭነት ቦታ እንዲሆን የሚያደርግ ሕግ አስወጣ። ዓላማው ትልልቅና ሰው መጫን የሚችሉ አውሮፕላኖች እንዲገዙ ማበረታታት ነበር። ሰውየው በዚህ አላቆመም። ትልልቆቹን ኩባንያዎች ጠርቶ አገር አቋራጭ መስመሮቹን አከፋፈላቸው። ትንንሾቹ ገለል ተደረጉ። ነገሩ በሴኔት ሲመረመር ቅሌት ሆነና ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1934 ኮንትራቶቹን ሰርዘው ደብዳቤውን ጦሩ እንዲያመላልስ አዘዙ። ጦሩ ለዚህ ሥራ አልተዘጋጀም ነበር። ክረምቱም ከባድ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በርካታ አብራሪዎች ሞቱና ሥራው ወደ ግል ኩባንያዎች ተመለሰ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ አውሮፕላን የሚሠራ ኩባንያ አየር መንገድ እንዳይኖረው ከለከለ። ቦይንግና ዩናይትድ በአንድ ባለቤት ሥር የነበሩ ኩባንያዎች መሆናቸውን ብዙ ሰው አያውቅም። የተለያዩት ያኔ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። በ1938 ዓለም ገና ከኢኮኖሚ ድቀቱ አልወጣችም። በአሜሪካ ይነገር የነበረው ፍርሃት ኩባንያዎች እርስ በርስ ዋጋ እየሰበሩ ሁሉም ይከስራሉ፣ ሲከስሩም ጥገናው ላይ ይቆጥባሉ የሚል ነበር። አየር መንገዶቹም ጥበቃ ፈልገው ነበር። የ1938ቱ ሕግ ያንን ጥበቃ ሰጣቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሥልጣኑ የሲቪል ኤሮኖቲክስ ቦርድ በሚባል መሥሪያ ቤት እጅ ገባ። ሕጉ ሲወጣ ሥራ ላይ የነበሩት 16 ዋና ዋና አየር መንገዶች መስመሮቻቸው ጸኑላቸው። ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ከተማ መብረር የፈለገ ማመልከት ነበረበት። ማመልከት ብቻም አይበቃም። አገልግሎቱ ለሕዝብ አስፈላጊ መሆኑን ማስረዳት አለበት። በመስመሩ ላይ ያለው ተፎካካሪ ደግሞ መቃወም ይችላል። እና ይቃወም ነበር! ጠበቆች ይቀጠራሉ፣ ችሎቱ ይጓተታል፣ ዓመታት ይሄዳሉ።

ውጤቱን ይመልከቱት። ከ1938 እስከ 1978 ባሉት 40 ዓመታት አንድም አዲስ አገር አቀፍ አየር መንገድ ከነዚያ ተርታ አልገባም። ከ1950 እስከ 1974 ብቻ 79 አመልካቾች ቦርዱን ጠይቀው አንዳቸውም አልተፈቀደላቸውም። በዚሁ ዘመን የተሳፋሪው ቁጥር በብዙ እጥፍ ሲያድግ፣ የዋና ዋናዎቹ ኩባንያዎች ቁጥር በውህደት ምክንያት ቀነሰ እንጂ አልጨመረም።

ዋጋው እንዴት ነበር የሚወሰነው? ቦርዱ የአየር መንገዶቹን ወጪ ያያል፣ ተገቢ ያለውን ትርፍ ይጨምርበታል፣ በርቀት ያካፍለዋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያደረገው ትልቁ የዋጋ ጥናት ታሪፉን ያሰላው ከመቀመጫዎቹ 55 ከመቶው ይሞላሉ፣ ትርፉም 12 ከመቶ ይሁን በሚል ነው። በሌላ አነጋገር ተሳፋሪው የራሱን መቀመጫ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ላለው ባዶ መቀመጫም ጭምር ይከፍል ነበር።

ዋጋው ከተወሰነ ኩባንያዎቹ በምን ይፎካከሩ? በምግብ፣ በመጠጥ፣ በመስተንግዶ፣ በበረራ ብዛት። በ1971 አሜሪካን አየር መንገድ ትልቁ ቦይንግ 747 አውሮፕላን ላይ ሳሎን አዘጋጅቶ ፒያኖ እስከማስገባት ደርሷል። ያንን ዘመን «ወርቃማው ጊዜ» እያሉ የሚናፍቁ አሉ። ስሜታቸው ይገባኛል፤ ፎቶዎቹ ያምራሉ። ግን ያ ፒያኖ የተገዛው መሳፈር ባልቻለው ሰው ኪሳራ ነው። ትኬቱ ረክሶ ቢሆን ኖሮ ስንት ቤተሰብ ይሳፈር ነበር?

ዓለም አቀፉ በረራም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። በ1919 በፓሪስ የተፈረመው ስምምነት እያንዳንዱ አገር ከምድሩ በላይ ያለው ሰማይ የራሱ ነው የሚለውን አጸና። በ1944 መጨረሻ ጦርነቱ ሳያልቅ 54 አገሮች ቺካጎ ላይ ተሰበሰቡ። አሜሪካ ሰማዩ ይከፈት አለች። በጦርነቱ ምክንያት የማመላለሻ አውሮፕላን የሞላት እሷ ነበረች። እንግሊዝ ይህን ስለምታውቅ ፈራች። የንግዱን ነገር ሳይስማሙበት ተለያዩ። የተስማሙት በደህንነትና በቴክኒክ ደረጃዎች ላይ ነው፤ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ኢካኦ የተወለደውም ከዚህ ነው። የንግዱ ጉዳይ አገር ከአገር እየተደራደረ እንዲፈታው ተተወ። አሜሪካና እንግሊዝ በ1946 ቤርሙዳ ላይ የተፈራረሙት ውል ለብዙ ሌሎች ውሎች ሞዴል ሆነ። መስመሮቹ በስም ይዘረዘራሉ፣ የሚበሩት ኩባንያዎች ይመረጣሉ፣ ዋጋውን አየር መንገዶቹ በማኅበራቸው በአያታ በኩል ተሰብስበው ይስማሙበታል፣ መንግሥታቱ ያጸድቁታል። በሌላ ንግድ ይህ ወንጀል ነው። በአቪዬሽን ግን ሕጋዊ አሠራር ነበር።

ቁጥጥሩ ምን ያህል ጥቃቅን ነገር ውስጥ እንደገባ ለማየት የ1958ቱ የሳንድዊች ክርክር ይበቃል። አየር መንገዶቹ በአትላንቲክ ላይ ርካሽ ማዕረግ ሲጀምሩ፣ ለዚህ ማዕረግ ተሳፋሪ የሚቀርበው ቀላል ሳንድዊች ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። የስካንዲኔቪያው ኤስኤኤስ በአገሩ ወግ ከላይ ሥጋና ዓሣ የተደረደረበት፣ ሙሉ ምሳ የሚያህል ሳንድዊች አቀረበ። የአሜሪካው አየር መንገድ ፓንአም ከሰሰ። ማኅበሩ መክሮ ኤስኤኤስን 20,000 ዶላር ቀጣው። ተሳፋሪው ጥሩ በላ ተብሎ ነው ቅጣቱ።

ታዲያ ይህ ሁሉ እንዴት ፈረሰ? መጀመሪያ ስንጥቁ የታየው ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ውስጥ ነው። የፌዴራሉ ቦርድ ሥልጣን ያለው ከግዛት ወደ ግዛት በሚደረግ በረራ ላይ ነበር። በአንድ ግዛት ውስጥ ብቻ የሚበር ኩባንያ አይመለከተውም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፒኤስኤ የሚባል አየር መንገድ ከ1949 ጀምሮ በግዛቱ ከተሞች መካከል ይበር ነበር። በቴክሳስ ሳውዝዌስት በ1967 ተመሠረተ። ነባሮቹ ተፎካካሪዎቹ ግን በፍርድ ቤት ይዘውት የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው በ1971 ነው። የሁለቱም ዋጋ ቦርዱ ለተመሳሳይ ርቀት ከሚፈቅደው በጣም ያንሳል፤ ግማሽ ድረስ የሚወርድበት ጊዜ ነበር። አውሮፕላኑ ያው ነው፣ ሰማዩ ያው ነው፣ ነዳጁም ያው ነው። ልዩነቱ የሕጉ ብቻ ነበር። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ለዓመታት ሲከራከሩበት የኖሩትን ነገር እነዚህ ሁለት ኩባንያዎች በተግባር አሳዩት።

በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ነካ። ቦርዱ ምን አደረገ? ዋጋ እንዲጨምሩ ፈቀደ፣ የበረራ ቁጥርን በስምምነት እንዲቀንሱም አጸደቀላቸው። የዋጋ ንረት ሕዝቡን እያስመረረ በነበረበት ሰዓት ይህ አልተዋጠም። ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ በ1975 የምክር ቤት ምርመራ ከፈቱ። ምርመራውን ያዘጋጁት በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ስቲቨን ብሬየር ናቸው። በጣም ደስ የሚለኝ የታሪኩ ክፍል ይህ ነው። ቁጥጥሩ ይነሳ ብለው በአንድ ወገን የቆሙት ግራ ዘመም የሸማች ተሟጋቾችና ቀኝ ዘመም የነፃ ገበያ አማኞች ነበሩ። በሌላ ወገን የቆሙት አብዛኞቹ አየር መንገዶችና የሠራተኛ ማኅበራቱ ነበሩ። ቁጥጥር ነጋዴውን ያስቸግራል ተብሎ ይታሰባል። እዚህ ግን ነጋዴው ቁጥጥሩን የሙጥኝ ብሎ ነበር።

በ1977 ፕሬዚዳንት ካርተር የኢኮኖሚ ምሁሩን አልፍሬድ ካህንን የቦርዱ ሊቀመንበር አድርገው ሾሙ። ካህን ሕጉ እስኪወጣ አልጠበቁም። ቅናሽ ዋጋዎችንና አዳዲስ መስመሮችን በላይ በላዩ መፍቀድ ጀመሩ። በዚያው ዓመት የጭነት በረራ ነፃ ሆነ። በ1978 ጥቅምት ላይ ካርተር የመንገደኛውን በረራ ከዋጋና ከመስመር ቁጥጥር ነፃ የሚያወጣውን ሕግ ፈረሙ። የአየር መንገድ ወኪሎች ያልተያዙ መስመሮችን ለመውሰድ የቦርዱ ሕንፃ ደጃፍ ላይ ተሰለፉ። ሕጉ ቦርዱ ራሱ እንዲዘጋ ቀን ቆርጦለት ነበር። በመስመር ላይ ያለው ሥልጣን በ1981 መጨረሻ አበቃ፣ በዋጋ ላይ ያለው ከአንድ ዓመት በኋላ አበቃ፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ በ1984 መጨረሻ ተዘጋ። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በቀጠሮው ሲዘጋ ማየት ብርቅ ነው።

ከዚያስ? ትኬት የዋጋ ንረቱ ተቀንሶ ሲታይ ረከሰ። ለዚህ የጄት ሞተር መሻሻልም ድርሻ ስላለው ሁሉንም ለሕጉ መስጠት ትክክል አይሆንም። ግን ድሮ ግማሽ ድረስ ባዶ ይበር የነበረው አውሮፕላን ዛሬ በአማካይ ከ80 ከመቶ በላይ ሞልቶ መብረሩ የውድድሩ ሥራ ነው። ከ1978 እስከ 2000 ባለው ጊዜ የአሜሪካ ተሳፋሪ ከእጥፍ በላይ ጨምሯል።

የከፈለም አለ። ብራኒፍ የተባለው አየር መንገድ ያለ ልክ ተስፋፍቶ በ1982 ወደቀ። ኢስተርንና ፓንአም በ1991 ተዘጉ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ዕድሜያቸውን ያፈሰሱበትን ሥራ አጡ፤ ሌሎች ደመወዛቸው ተቀነሰ። ይህን ጉዳት አቅልዬ ማለፍ አልፈልግም። ርካሹን ትኬት የገዛው ሰው ጥቅሙን ያገኘው በከፊል ከአብራሪውና ከመካኒኩ ኪስ ነው። ለትንንሽ ከተሞች መንግሥት ድጎማ መደበ፤ ዛሬም ይከፍላል። የመስመሩ ቅርጽም ተለወጠ። አየር መንገዶች ተሳፋሪውን ከየአቅጣጫው ሰብስበው አንድ ማዕከል ላይ አውሮፕላን የሚያስቀይሩበትን አሠራር አስፋፉ። ትራንዚት የሚበዛብን ለዚህ ነው።

አሁን ጥፋት ወዳልኩት ነገር ልምጣ። ቦርዱ ሲዘጋ የአየር መንገዶችን ውህደት የማጽደቅ ሥልጣን ለትራንስፖርት ሚኒስቴር ተሰጠ። በ1986 ቲደብሊውኤ ኦዛርክን ልግዛ አለ። የሁለቱም ዋና ማዕከል ሴንት ሉዊስ ነበር። ኖርዝዌስትም ሪፐብሊክን ልግዛ አለ። ሁለቱም ሚኒያፖሊስ ላይ ጠንካራ ነበሩ። የፍትሕ ሚኒስቴር ሁለቱንም ተቃወመ። የትራንስፖርት ሚኒስቴር ሁለቱንም አጸደቀ። የየከተማው ሰው በአንድ ጀምበር አማራጭ አጣ። ሥልጣኑ በ1989 ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ቢሄድም መዋሃዱ አልቆመም። ዴልታ ኖርዝዌስትን በ2008 ጠቀለለ፣ ዩናይትድ ከኮንቲኔንታል ጋር በ2010፣ አሜሪካን ከዩኤስ ኤርዌይስ ጋር በ2013 ተዋሃዱ። ዛሬ አራት ኩባንያዎች የአገር ውስጡን ገበያ 80 ከመቶ ገደማ ይዘውታል። የ1978ቱ ሕግ ዋጋን ለውድድር አደራ የሰጠ ሕግ ነው። ውድድሩ ከሌለ አደራውን የሚቀበል የለም። በ2024 መጀመሪያ ፍርድ ቤት ጄትብሉ ስፒሪትን እንዳይገዛ ከልክሏል። ስፒሪት በዚያው ዓመት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ይህን አይተው ውሳኔው ስህተት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ጥብቅነት በ1986 ቢጀመር ኖሮ ነው የምለው።

ወደ ደህንነቱ እንሻገር። እዚህ ላይ የቁጥጥሩ ታሪክ በአደጋ የተጻፈ ነው። በ1956 ሁለት አውሮፕላኖች ግራንድ ካንየን ላይ ተጋጭተው 128 ሰው አለቀ። ሁለቱም የሚበሩበት ሰማይ በራዳር የሚከታተለው አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ዛሬ ኤፍኤኤ የምንለው የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በ1996 ቫሉጄት የሚባል ርካሽ አየር መንገድ አውሮፕላን ፍሎሪዳ ውስጥ ወድቆ 110 ሰው ሞተ። እስከዚያ ድረስ ኤፍኤኤ ሁለት ተልዕኮ ነበረው፦ አቪዬሽኑን መቆጣጠርና አቪዬሽኑን ማበረታታት። ከአደጋው በኋላ ኮንግረስ ማበረታታቱን ከተልዕኮው አወጣው። በ2009 አንድ አነስተኛ የመንገደኞች አውሮፕላን ቡፋሎ አጠገብ ወድቆ 50 ሰው ሞተ። ከዚያ ረዳት አብራሪዎችም ጭምር በአብዛኛው 1,500 የበረራ ሰዓት እንዲኖራቸው ተደነገገ፣ የእረፍት ሰዓታቸውም ጠበቀ።

ዋጋው ነፃ ሲሆን ደህንነቱ ይወድቃል ብለው የሰጉ ሰዎች ነበሩ። ስጋታቸው ምክንያታዊ ነበር። ግን የሞት አደጋው መጠን ከ1978 በኋላም እየቀነሰ ነው የሄደው። ይህ የሆነው ኩባንያዎቹ ደግ ስለሆኑ አይደለም። ተቆጣጣሪው እዚያው ስለነበረ ነው።

ተቆጣጣሪው ሲዘናጋ ምን እንደሚሆን ደግሞ በቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን አይተነዋል። ኤፍኤኤ ለረጅም ጊዜ የአውሮፕላን ማረጋገጫ ሥራውን በከፊል ለአምራቹ ለራሱ ሠራተኞች በውክልና ሲሰጥ ኖሯል። ባለሙያና በጀት ስለሚያንሰው አሠራሩ ከጥንት ጀምሮ አለ። በማክስ ላይ ግን ውክልናው ከልክ አለፈ። አፍንጫውን ወደታች የሚገፋው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ከአንድ ሴንሰር ብቻ መረጃ እየወሰደ እንዲሠራ ተፈቀደ። አብራሪዎች ስለመኖሩም አልተነገራቸውም። በ2018 ጥቅምት የኢንዶኔዥያው የላየን ኤር ማክስ አውሮፕላን ወደቀ። ያኔ አውሮፕላኑ ከበረራ መታገድ ነበረበት። አልታገደም። በመጋቢት 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ወደቀ። በሁለቱ 346 ሰው አለቀ። ሁለተኛው አደጋ መከላከል የሚቻል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር እናደዳለሁ። አውሮፕላኑን መጀመሪያ ያገደችው ቻይና ናት። ሌሎች ተከተሉ። አውሮፕላኑን ያጸደቀው ኤፍኤኤ ያገደው ከቻይና ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው። በ2020 መጨረሻ የወጣው ሕግ የውክልናውን አሠራር አጠበቀ። በ2024 ጥር ላይ የአንድ ማክስ የበር ክፍተት መድፈኛ በአየር ላይ ሲገነጠል ደግሞ ኤፍኤኤ ቦይንግ በወር ከ38 በላይ ማክስ እንዳያመርት ገደብ ጣለ። አንድ መንግሥት የግል ፋብሪካን የምርት መጠን ሲወስን ቁጥጥሩ ተነስቷል ማለት አይቻልም።

የሌላውን ዓለም ጠይቀዋል። በአሜሪካ አየር መንገዶቹ ከጥንትም የግል ነበሩ። በአብዛኛው ዓለም ግን ተቆጣጣሪውም ባለቤቱም መንግሥት ነበር። ሕንድ በ1953 አየር መንገዶቿን ወረሰች፤ ኤር ኢንዲያን ለታታ ኩባንያ ያስረከበችው በ2022 ነው። በቻይና እስከ 1980ዎቹ ድረስ አንዱ መሥሪያ ቤት ራሱ ሕግ አውጪ፣ ራሱ አየር መንገድ ነበር። እንግሊዝ ብሪቲሽ ኤርዌይስን በ1987 ሸጠች፤ ጀርመን ሉፍታንዛን እስከ 1997 ሸጣ ጨረሰች።

አውሮፓ ውስጥ ለውጡ በሦስት ዙር መጣ፤ የመጨረሻው የሕግ ጥቅል ከ1993 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ከ1997 ጀምሮ የአንድ አባል አገር አየር መንገድ በሌላው አገር ውስጥ፣ ለምሳሌ ከሮም ሚላን፣ መብረር ተፈቀደለት። ከዚህ አንፃር አውሮፓ ዘግይታ ጀምራ አሜሪካን ቀድማ ሄደች። ራየንኤርና ኢዚጄት ያደጉት በዚህ ነው። በአፍሪካ የያሙሱክሮ ውሳኔ በ1999 ተመሳሳይ ነገር ቃል ገብቶ ነበር። በ2018 ደግሞ 23 አገሮች የአንድ አፍሪካ የአየር ገበያን ጀመሩ። በወረቀት ላይ ያለው ከአውሮፓው ብዙም አይርቅም። አፈጻጸሙ ግን ገና ነው፤ ብዙ መንግሥታት የራሳቸውን አየር መንገድ ለመከላከል ፈቃድ ይይዛሉ። ተሳፋሪው በአህጉሩ ውስጥ ለመጓዝ በሌላ አህጉር የሚዞርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲህ መንግሥት ዛሬ የት ነው ያለው? አንደኛ፣ ከተሳፋሪው ጎን። የአውሮፓ ሕግ በረራ ሲሰረዝ እንደ ርቀቱ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ያስከፍላል። በ2009 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለዘገየም እንዲከፈል ወሰነ። በአሜሪካ እንዲህ ያለ አስገዳጅ ካሳ የለም፤ በረራው ሲሰረዝ ገንዘብ መመለስ ግን ግዴታ ነው። ተሳፋሪን መሬት ላይ በቆመ አውሮፕላን ውስጥ ከሦስት ሰዓት በላይ ማቆየትም በአገር ውስጥ በረራ ተከልክሏል።

ሁለተኛ፣ በችግር ጊዜ ገንዘብ ይዞ ይመጣል። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ አሜሪካ 5 ቢሊዮን ዶላር በእርዳታ፣ እስከ 10 ቢሊዮን ደግሞ በብድር ዋስትና መደበች። በኮቪድ ጊዜ በሦስት ዙር ለአየር መንገድ ሠራተኞች ደመወዝ 54 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ። ጀርመን ለሉፍታንዛ የ9 ቢሊዮን ዩሮ ጥቅል አዘጋጅታ 20 ከመቶ ድርሻ ወሰደች፤ በ2022 ሸጣው ወጣች። ሕንድ ደግሞ ከ2020 እስከ 2022 የአገር ውስጥ ትኬት ከዚህ በታች፣ ከዚህ በላይ አይሸጥ ብላ ወስና ነበር። ስለዚህ የዋጋ ቁጥጥር ጨርሶ አልሞተም።

ሦስተኛው ብዙ የማይወራለት ነገር ነው፦ የማረፊያና የመነሻ ሰዓት ድርሻ፣ በሙያው ስሎት የሚባለው። በተጨናነቀ ኤርፖርት መስመሩ ነፃ ቢሆንም ስሎት ከሌለዎት መብረር አይችሉም። ደንቡ 80 ከመቶውን የተጠቀመበት ለቀጣዩ ወቅትም ይያዘው ይላል። ስለዚህ ነባሩ እንደያዘ ይኖራል። በ2016 ኦማን ኤር ለለንደኑ ሂትሮው ኤርፖርት አንድ ጥንድ ስሎት 75 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል ተብሎ ተዘግቧል። በ2020 መጀመሪያ ደንቡ እስኪታገድ ድረስ ድርሻቸውን ላለማጣት ባዶ አውሮፕላን ያበረሩም ነበሩ። የድሮው ቦርድ አዲስ ገቢን ያግድ የነበረውን ያህል ዛሬ ስሎት ያግዳል። ለውጥ ከየት ይጀመር ብለው ቢጠይቁኝ ከዚህ እላለሁ።

አራተኛው የባለቤትነት ገደብ ነው። በአሜሪካ የውጭ ዜጋ በአንድ አየር መንገድ ውስጥ ከ25 ከመቶ በላይ የድምፅ ድርሻ ሊኖረው አይችልም። በአውሮፓ ገደቡ 49 ከመቶ ነው። አሜሪካ ከኔዘርላንድስ ጋር በ1992፣ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ከ2008 ጀምሮ ሰማይዋን ከፍታለች ይባላል። ተከፈተ የሚባለው ከአገር ወደ አገር ያለው በረራ ነው። የአውሮፓ አየር መንገድ ግን ዛሬም ከኒውዮርክ ተሳፋሪ ጭኖ ሎስ አንጀለስ ማውረድ አይፈቀድለትም። አንድ አገር የውስጥ በረራውን ለውጭ ኩባንያ እንዲከለክል መብት የሰጠው የቺካጎው ስምምነት ነው፤ በ1944 እንደተፈረመ አለ።